«በልቻለሁ» ይል የነበረው ድሬሰር

አያ ጫኔ መሞቱን የሰማሁት ደባርቅ ገበያ ላይ፣ ገብስ ልሸምት ቆሜ ነው። የነገረኝ ታከለ ነው፤ ከበየዳ ገብስ በበቅሎ እያወረደ የሚሸጥ፣ ከበቅሎው ይልቅ ምላሱ የሚፈጥን ሰው። እየሰፈረልኝ ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ያ ድሮ ዳባት እናንተ ዘንድ የነበረው ድሬሰር ዐረፈ እኮ። ሁለት ቀን በሩ ሳይከፈት ቢውል ጎረቤት ሰብሮ ገባ። ሰው ሳያየው ሲበላ ኖረ፣ ሰው ሳያየው ሞተ» አለና ሣቀ።

ቁናውን ከእጁ ነጠቅሁት። ገብሱ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ?»

«ምን ያስቅሃል? አፍህ ደህና ስለሆነ ነው የሚያስቅህ?» አልሁት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ እንዴትስ ይገባዋል? ይህን ነገር የምናውቅ በዓለም ላይ እኔና ልጄ ብቻ ነበርን። ገብሴን እዚያው ትቼ ዳባት ድረስ በአውቶቡስ ላይ እያለቀስሁ ተመለስሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ይየኝ! ለአያ ጫኔ የሚያለቅስ ሌላ ዘመድ ስለሌለ የሁሉንም ድርሻ እኔው ማልቀስ ነበረብኝ።

በደርግ ጊዜ ዳባት ጤና ጣቢያ ጽዳት ነበርሁ። ወለል እጠርጋለሁ፣ ፋሻ አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ። ባሌን ለውትድርና ወስደውት በዚያው ቀርቷል፤ የእኔን ነገር ግን እዚህ ላይ ልተወው። አያ ጫኔ ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ማለት ያን ጊዜ ቁስል አጣቢም፣ መርፌ ወጊም፣ ጥርስ ነቃይም ነው፤ አገሬው «ሐኪሙ» ነበር የሚለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጀ መልካም ሰው። ክረምት ከበጋ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ይከናነባል። ሲናገር ከንፈሩ እምብዛም አይላወስም፤ ድምፁ ከጥርሱ ኋላ ነው የሚመጣ። ሰው ኩራት ይመስለው ነበር።

እኔም መጀመሪያ «እርስዎ» እያልሁ ነበር የምጠራው። አንድ ቀን ፋሻ ሳሰጣ መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ በስሜ ጠርቶ «ይታይሽ፣ አንተ በይኝ። ሰው ሲያከብረኝ ይበርደኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «አያ» ማለት ጀመርሁ፤ እንደ ታላቅ ወንድም።

ከማንም ጋር አይበላም። ሰርግ ቢጠሩት ይሄዳል፣ ይመርቃል፣ ትሪው ሲቀርብ «በልቻለሁ» ብሎ ይነሣል። ለቅሶ ቤት «በልቻለሁ።» ማኅበር «በልቻለሁ።» ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ «በሞቴ» ቢሉት ያው ነው። እኛ አገር ደግሞ አብሮ አለመብላት ቀላል ነገር አይደለም። ክርስቲያኑ «እስላም ይሆናል» ይላል፤ እስላሞቹ ነጋዴዎች «የእኛስ አይደለም» ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ «ቤተ እስራኤል ነው፤ እነሱ ከባዕድ ጋር አይበሉም» ይላል። ከዚህ የከፋ የሚያወሩም ነበሩ፤ አፌን አላቆሽሽበትም። እሱ ሁሉንም ይሰማል። እኔ ስናደድለት «ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ዝም ያለው ሰው ግን ውስጥ ውስጡን ይነቅዛል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቤቱ ጤና ጣቢያው ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ገብቶ በሩን ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ ባዶ ኩባያ ይዞ ይወጣል፤ አጥሚት ነው የሚጠጣው፣ ሁልጊዜ አጥሚት። «ምነው እንደ አራስ!» ብዬ ቀልጄበታለሁ። ዓይኑ ብቻ ሣቀልኝ።

በገበያ ቀን ግን ያ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ከየቆላው ከየደጋው እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ልጆች አፋቸው የቆሰለ ነው። ጥርስ ታሞ ነው። ጥርሱ ሲታመም ቤት ውስጥ መድኃኒት ይደረግና አፉ ይታመማል። አንዷ ሚስማር አግላ ነክታዋለች። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ወቅጣ ድዱ እስኪነጣ አስራበታለች። ሌላዋ የአጥሯን ቁልቋል ሰብራ ነጩን ወተት አንጠብጥባበታለች። ጥርስ የሚበላው ትል ነው ይባላል፤ ትሉ መቃጠል አለበት።

የእምቧይ ፍሬ የሚያጨሱም ነበሩ። ፍሬው ፍም ላይ ይደረግና በሽተኛው ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ አፉን ከፍቶ ይታጠናል፤ ከዚያ ውኃው ላይ ነጫጭ ነገር ይንሳፈፋል፤ «ትሉ ረገፈ!» ይባላል። አያ ጫኔ አንድ የገበያ ቀን ፍም አስመጣኝ፣ ሳሕን ውኃ አስቀመጠ፣ ከአንዲት ባልቴት የእምቧይ ፍሬ ለምኖ ፍሙ ላይ ጣለ። ማንም አፉን አልከፈተም። ጢሱ ጨሰ፣ ፍሬው ተንጣጣ፣ ነጫጩ ነገር ውኃው ላይ ረገፈ። «ይኸው ትሉ። የማን ጥርስ ነው?» አለ። አንዷ ቶሎ ብላ «የከሰሉ ይሆናላ!» ስትል ግቢው በሣቅ ፈረሰ። በመርፌ አንሥቶ አሳያቸው፤ ከፍሬው ውስጥ የወጣ ቡቃያ ነው። ያን ቀን አመኑት። በሳምንቱ የተቃጠለ ልጅ ይዘው መጡ።

እኔ ምን አደርግ መሰላችሁ? እሳደብ ነበር። መጥረጊያዬን ይዤ እናቶቹ ላይ እቆምና፣ «አንቺ ልብ የለሽም? የወለድሽውን ትጠብሻለሽ? ከብት እንኳ ልጁን ይልሳል!» እላለሁ። እነሱ አንገታቸውን ይደፋሉ። አያ ጫኔ ከልጁ አፍ ላይ ቀና ሳይል፣ «ይታይሽ፣ ተያት። እናት ጠልታ አታቃጥልም» ይለኛል። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳላት! እኔ ለእናቶቹ ሲያዝን ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ጥቅምት አያ ጫኔን ለክትባት ወደ በየዳና አምቢኮ ላኩት፤ ከዐሥር ቀን ያላነሰ መንገድ። የጥርስ መንቀያው ጉጠት ያለበትን ቁም ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። በሄደ በሁለተኛው ቀን ልጄን ትርንጎን ጥርሷን አመማት። አምስት ዓመቷ ነበር። መንጋጋዋን ይዛ ትጮኻለች፤ አልበላ አለች፣ አልተኛ አለች። በጨው ውኃ አጉመጠመጥኋት። ኪኒን ፈጭቼ ሰጠኋት። ሦስት ቀን ሆነ። ጎንደር ልወስዳት አስቤ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ የሚያልፈው የወታደር መኪና ብቻ ነው አሉኝ።

ጎረቤቴ እሜት ውዴ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። «ልጄ፣ እስከ መቼ ስታስጮሂያት ትኖሪያለሽ? ትንሽ ጥጥ ጠቅልለሽ፣ የቁልቋል ወተት አስነክተሽ ቀዳዳው ላይ ብቻ ጣል አርጊው። ሌላውን አይነካም» አሉኝ።

አውቅ ነበር። ማንም ሰው «አላወቀችም» ብሎ እንዳያዝንልኝ። የተቃጠለ አፍ ያላየሁበት ሳምንት የለም፤ ፋሻውን የማጥብ እኔ ነኝ። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይሉ የለ፣ እንደዚያ ሆንሁ። «እነዚያ የገጠር ሴቶች አያያዙን ስለማያውቁ ነው፤ እኔ ንጹሕ ጥጥ አለኝ፣ መቆንጠጫ አለኝ፣ ተጠንቅቄ አደርገዋለሁ» አልሁ። ይኸው ነው ጥፋቴ። ጥጡን ከጤና ጣቢያው አመጣሁ። ቀቀልሁት እንኳ!

ከቀትር በኋላ ነበር። አጥሩ ላይ ካለው ቁልቋል ሰብሬ ነክሬ ጥርሷ ላይ አደረግሁላት። ትንሽ ጮኸችና ጸጥ አለች። ቆይታ አንቀላፋች። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተኛች ልጅ! እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። እሜት ውዴን አመሰገንሁ። እሷን አስተኝቼ ፋሻ ላጥብ ወደ ሥራዬ ሄድሁ። ስመለስ ጥጡ ከጥርሷ ወርዶ ጉንጯና ድዷ መካከል ገብቷል፤ ምራቋ ወተቱን ይዞ በከንፈሯ ጥግ ወርዷል። የወረደበት ሁሉ ተልጧል። ጉንጯን ገለጥ ሳደርገው ከውስጥ ቆዳው እንደ ቅቅል ድንች ልጣጭ መጣልኝ።

ከዚያ የባሰውን ልናገር። ደበቅኋት። አምስት ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ቆልፌባት ሥራ ዋልሁ። ሌላ ሐኪም ቤት አልወሰድኋት፣ ለሰው አላሳየኋት። ስንቷን እናት የሰደብሁ ሴት፣ አሁን በምን ዓይኔ ልጄን አዝዬ እዚያ ወረፋ ላይ ልቁም? እፍረቴን ከልጄ አስበለጥሁ። አፏ ሲያብጥ፣ ጉንጯና ድዷ መያያዝ ሲጀምር እያየሁ «ይድናል፣ ይድናል» እላለሁ።

አያ ጫኔ ከበየዳ እንደተመለሰ፣ የበቅሎውን አቧራ ሳያራግፍ፣ «ትርንጎ የት አለች?» አለኝ። ሁልጊዜ ግቢው ውስጥ ስትሮጥ ነበር የሚያያት። «ጉንፋን ይዟታል» አልሁት። ፊቴን አየኝ። ወደ ቤቴ መንገዱን ያዘ። ሳይጠራ የሰው ቤት ደጃፍ ተሻግሮ ሲገባ ያን ቀን ነው ያየሁት።

አያት። ለረጅም ጊዜ አያት። እኔ ስድብ እየጠበቅሁ መሬት ላይ ተደፋሁ። «ስደበኝ፣ አያ! በእናትህ ስደበኝ!» አልሁት።

«ተነሺ። የሞቀ ውኃ አምጪ» አለኝ።

አጠበላት። በቫዝሊን የራሰ ፋሻ ጉንጯና ድዷ መካከል አስገባላት፣ ሥጋው ከሥጋው እንዳይጣበቅ። ሲጨርስ በሩን ዘጋና ወደ ብርሃኑ ዞረ፤ ጋቢውን ከፊቱ አወረደ። ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ የፊቱን ታችኛውን ክፍል አይቼ አላውቅም ነበር። የግራ ከንፈሩ ጥግ ተጨማዶ ወደ ውስጥ ተስቧል። «እዪ» ብሎ አፉን ከፈተ። ከፈተ ማለቴ፣ የቻለውን ያህል ነው፤ አንዲት ጣት አታስገባም። ጉንጩ ከድዱ ጋር አንድ ሆኗል።

«እናቴ ናት» አለኝ። «እንደ ትርንጎ ሳለሁ። ቁልቋል ነው። እንዲህ ፋሻ የሚያስገባልኝ፣ አፌ እንዳይዘጋ እንጨት የሚያስነክሰኝ ሰው አልነበረም፤ ሲድን እየተጣበቀ ዳነ። ከሰው ጋር ስበላ ምግቡ በዚህ በኩል ይወድቅብኛል። ሰው ‹አፍህን ምን ሆንህ?› ይለኛል። ምን ልበል? እናቴ አቃጠለችኝ ልበል? አገሩ ሁሉ ‹ልጇን ያቃጠለች› ሲላት ይኖራል። ስለዚህ ‹በልቻለሁ› ማለት ጀመርሁ። እሷ ሞተች። አፌ ግን ለመደው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። «እናት ጠልታ አታቃጥልም» ሲል ለእኒያ ሁሉ እናቶች አልነበረም፤ ለአንዲት እናት ነበር።

«አሁን ስሚኝ» አለ። «የዚህች ልጅ አፍ አሁን ካልተከፈተ እንደ እኔ ይዘጋል። ትጮኻለች፤ ጆሮሽን ትይዣለሽ። ደግሞ ሁለት ነገር እነግርሻለሁ። ወረፋ ለሚጠብቁት እናቶች ያደረግሽውን ንገሪያቸው። እኔ ስናገር ‹የመጽሐፍ ነው› ይሉኛል፤ እናት ለእናት ስትነግር ይሰማል። ለትርንጎም ስታድግ ራስሽ ንገሪያት። የኔ እናት ሳትነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቃት ተለያየን፤ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የኔን ግን ለማንም አትናገሪ።»

ማልሁለት።

ከወይራ አምስት ሽብልቅ ጠረበ። የመጀመሪያው እንደ ክብሪት ቤት ጎን ቀጭን፣ የመጨረሻው ሦስት ጣት ሙሉ፣ ጤነኛ አፍ የሚከፈተውን ያህል። እንደ መስተዋት እስኪለሰልሱ ፍቆ ከመርፌው ጋር ቀቀላቸው። ቁስሏ ሲጠግግ ጀመረ። ጧትና ማታ ትርንጎን ጭኑ ላይ ያስቀምጣትና «ክፈቺ» ብሎ ሽብልቁን በጥርሶቿ መካከል ያስገባል፤ «አቡነ ዘበሰማያት» ሦስት ጊዜ ደግሞ እስኪጨርስ አታወጣውም። ዳዊት የተማረ ሰው ነው፤ ግን በቀስታ ነው የሚደግመው፣ ዘመኑ ጸሎት በጤና ጣቢያ የሚሰማበት አልነበረም። ልጄ ታለቅሳለች፣ ትቧጭረዋለች፣ እኔ ጓሮ ወጥቼ ጆሮዬን እይዛለሁ። አንድ ቀን ልቅሶው ቀረ። ምን ሆነች ብዬ በበሩ ቀዳዳ ባይ፣ አያ ጫኔ ቀጭኗን ሽብልቅ በራሱ አፍ አስገብቷል። ሁለቱም እንጨት ነክሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ። «አቡነ ዘበሰማያት»ን በጣቱ ጉልበቷ ላይ እየመታ ይቆጥርላታል። የእሱ አፍ በዚያ ዕድሜ እንደማይከፈት ያውቅ ነበር። ለእሷ ሲል ነው የነከሰው።

ወራት ፈጀ። ሁለተኛው ሽብልቅ፣ ሦስተኛው። ያንን ክፉ ጥርስም በመሐል ነቀለላት፤ ትንፍሽ አላለች። ጾሙ ተገባዶ ፋሲካ ሲደርስ ሦስት ጣቷን ደርድራ አፏ ውስጥ አስገብታ በግቢው እየሮጠች «እማ! ሦስት! ሦስት!» ብላ ጮኸች። ከከንፈሯ ጥግ ከቀረው ጠባሳ በቀር ማንም አያውቅባትም።

የታዘዝሁትስ? እናቶቹን መሳደብ ተውሁ። ነገርኋቸውም፤ ግን እንዴት? «አንዲት ሴት ነበረች» ብዬ። «አንዲት ሴት ልጇን እንዲህ አድርጋ፣ እንዲህ ሆነችባት።» ይሰሙኛል፣ ይደነግጣሉ፣ «ምን ያለች ጨካኝ ናት!» ይላሉ። እኔም አብሬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። አያ ጫኔ ከማከሚያ ክፍሉ ይሰማል። አንድም ቀን አላጋለጠኝም።

በመስከረም የአብዮት በዓል ሲከበር ቀበሌው በሬ አረደ። ድንኳን ተጣለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ እንዲገኝ ታዘዘ። እኔ የእጅ ውኃ ይዤ እዞራለሁ። አንድ ካድሬ ነበር፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ አፉ እንጂ ጆሮው የማይሠራ ልጅ። አያ ጫኔ ትሪው ሲቀርብ እንደ ልማዱ ሲነሣ አየው።

«ጓድ ጫኔ፣ ወዴት?»

«በልቻለሁ።»

«የት? ከማን ጋር? ሰፊው ሕዝብ ገና አሁን ሊቆርስ ነው!» ብሎ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ተነሣ። «ከሰፊው ሕዝብ እጅ አልጎርስም የሚል ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ጋቢህን አውርድና ጉረስ!»

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ጨዋታ አይደለም፤ ሰው ከዚያ ባነሰ ነገር ሄዶ ቀርቷል። እኔ ማሰሮውን ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይድናል። «አፉ ነው፣ አፉ ታሞ ነው!» ብል ይበቃ ነበር። አፌን ስከፍት አየኝ። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ነው። ዋጥሁት።

«በልቻለሁ» አለ እንደገና፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሁለት ቀን አስረው ፈቱት። በሳምንቱ ወደ በየዳ መዛወሩን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ።

የሚሄድ ቀን ጧት ሊሰናበተን ቤቴ መጣ። በቅሎው ደጅ ቆማለች። እኔ ሽሮ ሠርቼ ነበር፤ ለትርንጎ እንጂ ለእሱ ብዬ አልነበረም፣ መልሱን አውቀዋለሁና። ትርንጎ ግን በሩን ሄዳ ዘጋች። ከትሪው ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቆርሳ፣ በሽሮ ነክራ፣ በሁለት ጣቷ ጠቀለለች። ፊቱ ቆመችና «ክፈት» አለችው፣ ልክ እሱ እንደሚላት።

ጋቢውን አወረደ። ከፈተ። ጉርሻዋ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ገባች። አልወደቀችም። ቀስ ብሎ ሲያላምጥ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ሲውጥ ሰማሁት። ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳውን ተናገረ፦ «አንድ ያጣላል አይደል እንዴ?» አላት። ሳቀችና ሁለተኛውን ጠቀለለችለት። ጎረሰ። ተነሣ፣ ጋቢውን ተከናነበ፣ «በልቻለሁ» አለ። ያን ጊዜ ግን እውነቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፣ ደርግም ወደቀ፣ መንገዱም ተከፈተ። ከበየዳ የሚወርዱ ነጋዴዎች በየጊዜው መልእክት ያመጡልኝ ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ጣት?» እኔም «ሦስት» ብላችሁ ንገሩልኝ እላለሁ። ትርንጎ አግብታ ወልዳ እንኳ «ስንት ጣት?» ይል ነበር። ታከለ ይህን መልእክት ሲያመጣ «ያ እብድ» እያለ ይሥቅበታል።

በየዳ ያን ያህል ሩቅ ሆኖ አይደለም ያልሄድሁት። ብሄድ «ነገርሻት ወይ?» ይለኛል። ለዚያ ነው። አንድ ሰው እዚያ ተራራ ላይ በሩን ዘግቶ አጥሚቱን ሲጠጣ፣ እኔ እዚህ እፍረቴን ታቅፌ ተቀመጥሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ነው ያደረግሁት።

ዘመድ የለውምና የአርባ ቀን ተዝካሩን እኔ አወጣሁ። ቄሶቹ ፈትተውት ትሪው ቀረበ፤ ቤቱ ሞላ። ታከለም መጣ፤ ስለ ገብሱ ቂም አልያዘም። ሰው እየበላ ስለ ሟቹ ያወራል። አንዱ «ደግ ሰው ነበር፣ እጁ መድኃኒት» ሲል ታከለ «ደግስ ደግ ነበር፤ ግን ሰው ይጠላል። ከሰው ጋር አይቆርስም» አለ። ሌሎቹም «እሱስ እውነት ነው» አሉ። በስሙ እየበሉ!

ተነሣሁ። «ሰው አይጠላም» አልሁ። አፉን ነገርኋቸው፤ እናቱን ነገርኋቸው፤ ድንኳኑን ነገርኋቸው። የማልሁለትን መሐላ በተዝካሩ ላይ አፈረስሁት። ከዚያ ቀረኝ። «እኔ ለእናቶች ‹አንዲት ሴት ነበረች› እያልሁ የማወራት፣ ልጇን በቁልቋል ያቃጠለችው፣ አምስት ቀን ቆልፋ የደበቀችው… ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ልጅቱም ትርንጎ ናት።»

ሰው እጁን ከትሪው ላይ አነሣ። ታከለ መሬት መሬት ያያል። እኔ ልጄን ቀና ብዬ ለማየት አቅም አጣሁ። መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ቀሚሷን ብቻ ነው ያየሁት።

«እማ፣ ጥጡን ማን እንዳስነከሰኝ አውቃለሁ» አለችኝ። «አምስት ዓመቴ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?»

«አያም ዝም ብሎ የለ» አለች።

ከትሪው ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቆርሳ በሁለት ጣቷ ጠቀለለች። «ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትሁ። ወጡን ይሁን እንባዬን እንጃ፣ ዋጥሁት። ሰው ሁሉ እያየን ነው፤ እኔም ሌላ ቃል አጣሁና «በቃኝ ልጄ፣ በልቻለሁ» አልኋት።

«አንድ ያጣላል» አለችና ሁለተኛውን ጠቀለለች።